ከውብዓለም ጋር በካራቫን የኖርኩበት ዘመን

የምኖረው ጄኔቫ፣ ኦ ቪቭ በሚባለው ሰፈር፣ ከሐይቁ ሁለት መንገድ ገባ ብሎ ነው። ከመስኮቴ ፊት ለፊት አንድ ጡረታ የወጡ ጎረቤት አሉኝ። ሙቀት ሲገባ በረንዳቸው ላይ በትንሽ የጋዝ ምድጃ ዓሣ ይጠብሳሉ። ዘንድሮም ፀሐይ ብቅ ከማለቷ ምድጃቸውን አወጡና የቦምቦላውን መክፈቻ ሲያዞሩ፣ እሳቱ ከመያዙ በፊት ያመለጠችው ትንሽ ጋዝ መንገዱን ተሻግራ በመስኮቴ ገባች። ሸሚዝ እየተኮስኩ ነበር። ካውያውን አቆምኩና ወንበር ስቤ ቁጭ አልኩ። ሰው ጋዝ ሲሸተው ይደነግጣል፤ እኔን ግን የሸተተኝ እርጥብ ፍራሽ፣ አልደርቅ ያለ የሱፍ ካልሲ እና የውብዓለም የጸጉር ቅባት ነው። ስንት ዘመን አልፎ፣ ያ ሽታ እዚያው አፍንጫዬ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል።

ውብዓለምና እኔ የመጣነው በአንድ ሰሞን ነው። ያ ምርጫ አልፎ አገር ሲታመስ፣ ሰው በየፊናው ሲበተን። ዓመተ ምሕረቱን ልቁጠር ብል ይምታታብኛል፤ የለበስነውን ግን አልረሳም። እሷ ከመርካቶ የተገዛ ቀይ የቆዳ ጃኬትና ከታች ሰፋ ያለ ጂንስ ነበራት፤ እኔ ደግሞ ለቢሮ ያሰፋሁትን ግራጫ ጉርድና ኮት ለብሼ ነበር የመጣሁት፣ ስብሰባ እንደሚሄድ ሰው። ፏዬ በሚሉት የስደተኞች ማረፊያ አንድ ክፍል ደረሰን። በስምንት ዓመት እበልጣታለሁና ከመጀመሪያው ቀን "እትዬ" አለችኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ፕላንፓሌ አደባባይ ላይ ከሚዘረጋው የአሮጌ ዕቃ ገበያ እንወርዳለን። አንገቱ ላይ ጸጉር ያለው ካፖርት በዐሥር ፍራንክ ይገኝ ነበር፤ ሻጩ ሊሄድ ዕቃውን ሲጠቀልል ከጠበቅሽው በአምስትም ይሰጥሻል። ከዚያ አምስት ፍራንክ የስልክ ካርድ ገዝተን፣ በጥፍራችን ፍቀን፣ አዲስ አበባ እንደውላለን፤ አንዷ ስታወራ ሌላዋ ጆሮዋን ትለጥፋለች። እናቴ ውብዓለምን በድምፅ ብቻ ያውቋት ነበር። "ያቺ ሳቂታዋ ደህና ናት?" ይሉኛል።

ፔርሚ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ ወጣልንና ደስ ሲለን፣ ለካ ፏዬውን መልቀቅ ነበረብን። ሁለታችንም ሆቴል ክፍል እናጸዳ ነበር፣ ግን ቤት አከራዮቹ ዋስ አምጡ ይላሉ። ማን ያውቀናልና! ይሄኔ ነው አብራን የምትሠራ አንዲት ፖርቹጋላዊት ስለ ማዳም ኮሌት የነገረችን። ከሪቭ አደባባይ አውቶቡስ ተይዞ ከከተማው ወጣ ሲባል፣ ሐይቁ ዳር፣ ማዳም ኮሌት የካምፒንግ ቦታ ነበራቸው። በሙቀቱ ወራት ሰዎች ካራቫናቸውን፣ ባለጎማ ቤታቸውን፣ በመኪና እየጎተቱ መጥተው የሚዝናኑበት ነው። በብርዱ ወራት ሁሉም ሲሄድ ግቢው ባዶ ይቀራል። ባልቴቷ ብቻቸውን ስለሆኑ የመታጠቢያ ቤቶቹን የሚያጸዳና ግቢውን የሚጠብቅ ሰው ይፈልጉ ነበር። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ዓሣ ሊያጠምዱ ይጎትቷት የነበረች አንዲት ካራቫን ነበረች፤ እሷን ሰጡን።

ካራቫኗ ከሚኒባስ ታክሲ አትበልጥም። ነጭ ሆና ወገቧ ላይ ቡናማ መስመር ነበራት። የምንበላበት ጠረጴዛ እግሩ ሲታጠፍ አልጋ ይሆናል፤ የተቀመጥንበት ትራስ ፍራሽ ይሆናል። እሷ በግድግዳው ወገን፣ እኔ በበሩ ወገን እንተኛለን። አንዳችን መገላበጥ ስንፈልግ "ልዙር?" ብለን እንጠይቃለን፣ ከዚያ ሁለታችንም አብረን እንዞራለን። ውኃ ከመታጠቢያ ቤቱ በባልዲ እንቀዳለን፣ የካራቫኗ ቧንቧ በብርድ ይረጋልና። ማታ የፈላ ውኃ ፕላስቲክ ውስጥ ሞልተን እግራችን ሥር እናስቀምጣለን። ስናበስል የወጡ እንፋሎት ግድግዳው ላይ ላብ ሆኖ ይንጠባጠብና ልብሳችን ሁሉ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል፤ በአውቶቡስ ስንሄድ ሰዎቹ አፍንጫቸውን ሲያዞሩ ውብዓለም በሳቅ ትሞታለች። የሰርግ ዘፈን ትወድ ነበር። ድስት እያጠበች ሙሽራዋንም ሚዜዋንም አማቷንም ሆና ትዘፍናለች፣ እኔ እቀበላታለሁ። ደስተኞች ነበርን ብል ማን ያምነኛል? ነበርን። ዛሬ ሁለት ክፍል ቤት አለኝ፣ ማሞቂያው ራሱ ይከፈታል፣ እንደዚያ ግን ስቄ አላውቅም።

አንድ እሁድ ከሰዓት ዝናብ ጣሪያውን እየቀጠቀጠ ጸጉሬን ስትሠራኝ፣ ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳት። አዲስ አበባ ሳለሁ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ከምርጫው በኋላ ሰፈራችን ሲረበሽ አለቆቼ ጠሩኝና "እዚሁ ተወልደሽ ያደግሽ ነሽ፤ ድንጋይ የወረወሩትን ልጆች በስም ንገሪን" አሉኝ። አላውቅም አልኩ። ደግመው ጠሩኝ፤ አላውቅም አልኩ። በሦስተኛው ጥሪ አልሄድኩም፤ ያቺን ግራጫ ኮት እንደለበስኩ ወንድሜ ጋ ገባሁና ከዚያ በኋላ ሰፈሬን አላየሁትም።

ውብዓለም ማበጠሪያውን አስቀምጣ ፊት ለፊቴ መጣች።

"እትዬ፣ ታዲያ ይሄን ለምን ለሰዎቹ አትነግሪያቸውም? ጀግና እኮ ነሽ!"

"ቀበሌ ሠርታለች ከሚለው አልፎ የሚያዳምጥ አለ ብለሽ ነው? ተይው፣ እዚችው ካራቫን ውስጥ ይቅር።"

"እናቴን፣ እዚሁ ይቀራል" አለችኝ፤ ጎንበስ ብላም ግንባሬን ሳመችኝ።

ሰዎቹ የምንላቸው የአገራችን ሰዎች ናቸው። በወር አንድ እሁድ በተከራየነው አዳራሽ እንሰበሰብ ነበር። ጸሎት ይደረጋል፣ ስለ አገር ይወራል፣ ይጨቃጨቃሉ፣ ከዚያ ይበላል። ዘመኑ ሰው ሰውን የሚጠረጥርበት ዘመን ነበር። አንድ ሰው ዝም ካለ ለምን ዝም አለ ይባላል፤ ከተናገረ ማን አናገረው ይባላል። እኔ ወጥ ቤቱ ውስጥ ከሮማን ጋር ሽንኩርት እከትፍ ነበር። ሮማን የሁለት ልጆች እናት፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ለሰው ሟች የምትባል ሴት ናት።

በሁለተኛው የብርድ ወራት ማለቂያ ውብዓለም ዙሪክ ሥራ አገኘች፤ ኦፕፊኮን፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ካሉት ሆቴሎች አንዱ ውስጥ። ኮርናቫን ባቡር ጣቢያ ሸኘኋት። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ፣ "ቤት እንዳገኘሁ እወስድሻለሁ፤ አንቺ ከሌለሽ እዚያ ምን አለኝ?" አለች። ለጥቂት ወራት እሁድ እሁድ ትደውል ነበር። ከዚያ በወር አንዴ ሆነ። ከዚያ ቁጥሩ የለም ይለኝ ጀመር። ሥራ በዝቶባት ነው፣ ስልኳ ጠፍቶባት ነው እያልኩ እኔው ጠበቃ ቆምኩላት። ፍራሹ ሰፍቶኝ እንኳ በበሩ ወገን ብቻ እተኛ ነበር።

አዳራሹ ውስጥ የሆነውን ወዲያው አልገባኝም። ስገባ ወሬ ይቆማል። ከተቀመጥኩበት ወንበር ግራና ቀኝ ባዶ ይሆናል። አንድ እሁድ ወጥ ቤት ገብቼ ቢላዋ ሳነሳ ሮማን፣ "ዛሬ ሰው በቅቶናል፣ አንቺ ዕረፊ" አለችኝ፣ ፊቴን ሳታይ። በሚቀጥለውም ወር በቅቶናል። አንዲት ልጅ የሚከራይ ክፍል አለኝ ብላኝ ዕቃዬን ልሸክፍ ስል፣ ዘመድ መጣብኝ አለች። ሌላዋም ዘመድ መጣባት። ምን አጠፋሁ ብዬ ስንቱን ተመላልሼ አሰብኩ! ልብሴ ይሸት ይሆን? ብዬ እንኳ አስቤያለሁ። ካራቫን የሚኖር ሰው ያንን ቶሎ ያስባል።

ከዚያ እናቴ ሞቱ። ወንድሜ ነው ቀን ሥራ ላይ ሳለሁ ደውሎ ያረዳኝ። ለአዳራሹ ሰብሳቢ ስልክ መትቼ ነገርኩ፤ "እግዜር ያጽናሽ፣ ለሰዉ እንነግራለን" አሉኝ፣ እንደነገሩም ኋላ አረጋገጥኩ። ካራቫኗን ጠራርጌ ጥቁር ነጠላ አደረግሁ። ሰዉን ካራቫኗ እንዴት ትበቃዋለች ብዬ ከማዳም ኮሌት መጋዘን የሚታጠፉትን የበጋ ወንበሮች አወጣሁ፣ ቢጫና አረንጓዴ መስመር ያላቸውን፤ ካራቫኗ ደጃፍ ሸራ ወጥሬ ግራና ቀኝ ደረደርኳቸው። ትልቁን ድስት ሻይ አፈላሁ። አውቶቡሱ ከላይ መንገድ ላይ ሲቆም ይሰማኛል፣ ሲሄድም ይሰማኛል። ወራጅ የለም። በማግስቱም ሻይ አፈላሁ። በሦስተኛው ቀን ነፋሱ ወንበሮቹን እየገለበጠ ሳሩ ላይ ሲጎትታቸው፣ ማዳም ኮሌት ከቤታቸው አይተው መጡ። አንዱን ወንበር አቃንተው ተቀመጡበት። የእኔ ፈረንሳይኛ ለለቅሶ አይበቃም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝ። ጉልበቴን ይዘው እስኪመሽ ተቀመጡ። የአገሬ ሰው እናቴን ብቻዬን አስለቀሰኝ።

ያ ሳምንት ሳይወጣ ቢዝ የሚሉት የሰሜን ነፋስ ተነሣ። ሐይቁን አንሥቶ ግቢው ላይ ይረጨዋል፣ የተረጨውም እዚያው ይረጋል። ጠዋት ስነቃ መስኮቴ ነጭ ሆኗል፤ በሩን ብገፋ አይነቃነቅም። ካራቫኗ ሙሉ በሙሉ በበረዶ ተለብጣ ነበር። ታገልኩ፣ ገፋሁ፣ በድስት ደበደብኩ። በመጨረሻ ተቀመጥኩና ስልኬን ይዤ የማውቃቸውን ስሞች ከላይ ወደ ታች አየሁ፤ ማን ጋ እደውላለሁ? አልደወልኩም። ረፋዱ ላይ የማዳም ኮሌት ድምፅ ተሰማኝ። በማንቆርቆሪያ የፈላ ውኃ እየተመላለሱ፣ በዚያ ዕድሜያቸው እየተንሸራተቱ፣ ማጠፊያው ላይ የረጋውን በረዶ አቅልጠው ከፈቱልኝ። ዛሬ የምኖርበትን ቤትም ያገኘሁት በእሳቸው ዋስትና ነው፤ ከመሞታቸው በፊት የመጨረሻ ሥራቸው እሱ ነበር። ግን ያ ገና ሩቅ ነበር። ካራቫኗ ውስጥ ተጨማሪ ዓመታት ኖርኩ፤ እዚያ የቆየሁት የሰው ደጅ ስለተዘጋብኝ ነው።

ለምን እንደተዘጋብኝ ያወቅሁት ዙሪክ ነው። የምሠራበት ሆቴል ለሥልጠና ላከኝና፣ ከሰዓት ሲለቁን ላንግሽትራሰ በሚሉት መንገድ እየዞርኩ ነበር። ያኔ ያ ሰፈር ቀንና ማታው የተለያየ ነበር፤ ማታ የጠጪ፣ ቀን የገበያተኛ። በየበሩ ሙዝ፣ የጸጉር ዕቃ፣ የስልክ ካርድ ይሸጣል። አንድ ሱቅ መስኮት ላይ የሽሮ ከረጢት አየሁና ገባሁ። ባለሱቁ ጋሽ ታደሰ ናቸው፤ ጄኔቫ ሳሉ አዳራሹ ውስጥ አይቻቸዋለሁ። ሲያዩኝ ሚዛኑን የያዘው እጃቸው ቆመ።

"አስካለ ነሽ?"

"አስካለ ነኝ ጋሼ። እርስዎም ዘመድ ሊመጣብዎት ነው?" አልኳቸው፤ እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም።

በሩን መለስ አደረጉና ሣጥን ላይ አስቀመጡኝ። "ልጄ፣ እኔ በሰው ላይ የሚወራውን አላምንም ነበር" አሉኝ። "አዲስ አበባ የሰፈርሽን ልጆች ስም እየሰጠሽ ታሳስሪ ነበር፣ እዚህም የመጣሽው ወሬ ልትለቅሚ ነው ተባለ። ሌላ ሰው ቢለው በሳቅኩ። ግን አንድ ፍራሽ ላይ አብራሽ ስታድር የነበረች ሰው ስትናገር እንዴት አይታመን? ዕወቂው ብዬ ነው፤ ውብዓለም ናት። ጠርጥሬያት ነው ጥያት የመጣሁት አለች።"

ጆሮዬ ውስጥ ውኃ የገባ ያህል ሆነ። ስም ንገሪን ብለውኝ እምቢ ያልኩትን፣ ሰጠች አድርጋ ተናግራዋለች። ቃሉን ገልብጣ። ጋሽ ታደሰ አድራሻዋን ነገሩኝ፤ ሽሮውን ሳልይዝ ወጣሁ።

ኦፕፊኮን ላይ አውሮፕላኖቹ ጣሪያ የሚነኩ ይመስላሉ። ደወሉን ስጫን አራት ዓመት የሚሆናት ልጅ ከፈተችልኝና ወደ ውስጥ ዞራ፣ "ማማ፣ አንድ ፍራው መጣ!" ብላ ጮኸች፤ ሴትዮ መጣች ማለቷ ነው። ውብዓለም እጇን በፎጣ እየጠረገች መጣች። ወፍራለች፣ አምሮባታል። አየችኝና ልጅቷን ወደ ክፍል አስገብታ በሩን ዘጋች፤ ገና ምንም ሳልናገር።

"ሁሉንም ሰምቻለሁ" አልኳት። "እኔ ለመስማት የመጣሁት ለምን የሚለውን ነው።"

ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። "አንድ ሰው ከአገር ቤት መጥቶ ጄኔቫ ያለችው አስካለ ቀበሌ ነበረች አለ። እዚህ ያሉት የአገራችን ሰዎች ኮሚቴዎችም እኔን ያዙኝ፤ አብረሽ ስትኖሪ እንዴት አላወቅሽም፣ አንቺስ ማን ነሽ አሉኝ። ያኔ ባለቤቴን ገና መተዋወቄ ነው፣ እሱ ደግሞ ከኮሚቴዎቹ አንዱ ነው። እትዬ፣ ፈራሁ። ወይ አንቺ ወይ እኔ ነበርን።"

"እውነቱን ታውቂ ነበር። እሱን ብትነግሪያቸውስ?"

"ማን ያምነኛል?"

"እኔ ላይ ስትዋሺ ግን አመኑሽ። ውብዓለም፣ እናቴ ሞተው ወንበር ደርድሬ ተቀምጫለሁ። አንድ ሰው አልመጣም።"

እናቴን ስጠራ ፎጣውን አፏ ላይ ጫነችው። "ያቺ ሳቂታዋ ይሉኝ ነበር" አለች ከውስጡ። እግሬ ላይ ልትወድቅ ስትል ያዝኳት። ለእኔ ለብቻዬ ይቅርታ ምን ያደርግልኛል? ጄኔቫ መጥታ፣ እዚያው አዳራሽ፣ ሰዉ ፊት ቆማ እውነቱን እንድትናገር ጠየቅኋት። በመጨረሻ እሺ አለች። በዳግማይ ትንሣኤ እሁድ፣ በጠዋቱ ባቡር። "በልጄ እምላለሁ" አለች። ስወጣ ልጅቷ በሯን ከፍታ እጇን አውለበለበችልኝ፤ ደግ ፊት ነበራት።

በዳግማይ ትንሣኤ ካራቫኗ ውስጥ ተነሥቼ ነጭ ቀሚሴን ለበስኩ። ኮርናቫን ሄጄ ከዙሪክ የሚመጣው ባቡር የሚቆምበት ቦታ ጠበቅሁ። ባቡሩ መጣ፤ ሻንጣ ያለውም የሌለውም ወረደ። የሚቀጥለውንም ጠበቅሁ። ስልኳ ዝግ ነው። ሁለተኛ ጊዜ ስትከዳኝ አላለቀስኩም፤ የመጀመሪያውን በፍርሃት ነው ልላት እችል ነበር፣ ይሄኛው ግን ቀን ተቆርጦለት፣ ታስቦበት ነው። ወደ አዳራሹ ብቻዬን ሄድኩ።

ጸሎቱ አልቆ ሰብሳቢው ማስታወቂያ ሲናገሩ እጄን አነሣሁ። ቆምኩና እኔው ተናገርኩት። ቀበሌ ምን እንደሠራሁ፣ ምን እንደጠየቁኝ፣ ምን እንዳልኳቸው፤ ውብዓለም የለወጠችውን ቃል፤ የማዳም ኮሌትን ወንበሮች። እስከ መጨረሻው ተናግሬ ጨረስኩት። የምጠብቀው አንድ ሰው "በድለንሻል" እንዲለኝ ነው፤ አንድ ሰው ይበቃኝ ነበር። ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እህታችን አስካለ፣ መናገርሽ ጥሩ ነው። ያለፈው አልፏል። ዛሬ የትንሣኤ ሰሞን ነው፣ እኛም በሙሉ ልባችን ይቅር ብለንሻል።"

ተጨበጨበ። የምሬን ነው፣ አጨበጨቡ። ከዚያ ለበጋው ሽርሽር አውቶቡስ ስለመከራየት ማስታወቂያው ቀጠለ። ሰዎች እየተነሡ ይስሙኝ ጀመር፤ "ጠፋሽ እኮ" የሚለኝም ነበር። ሮማን ዓይኗ እንባ ሞልቶ በፕላስቲክ ኩባያ ሻይ ይዛልኝ መጣችና ትከሻዬን አቀፈችኝ።

"እኔ እንኳ ከድሮም ይቅር ብዬሻለሁ፣ እግዜር ያውቃል" አለችኝ።

"ምኑን ነው ይቅር ያልሽኝ፣ ሮማን?"

እጇን ከትከሻዬ ሳታወርድ ኩባያውን አስያዘችኝ።

"ተይው አሁን" አለችኝ፤ "ሻዩ ይቀዘቅዝብሻል።"